ሽንት ተመርምሮ ካንሰር ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ገላን ነው። አባቴ 63 ዓመቱ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለም ክፍል ለብዙ ዓመታት ሠርቷል፤ ሲጋራም ያጨስ ነበር። ባለፈው ወር ሁለት ቀን ደም ሸና። ምንም አላመመውም፤ በራሱም ቆመ። ሐኪሙ በሽንት ቧንቧ ካሜራ ገብቶ ፊኛው ይታይ አለ። አባቴ ፈርቶ እምቢ አለ። ውጭ ያለው ወንድሜ ደግሞ ካንሰር ከሽንት በዲኤንኤ ይታወቃል ይላል። ካሜራው ይቅርና ይህ ይበቃል?

መልስ፦ ወንድምዎ ልክ ነው። ፊኛ ውስጥ ያለ ዕጢ ቀን ከሌት ሽንት ያጥበዋል። ሴሎቹና ዲኤንኤው ሽንቱ ውስጥ ይረግፋሉ። በዲኤንኤ ላይ ደግሞ ሜቲል የሚባሉ ጥቃቅን ኬሚካሎች ይለጠፋሉ። የትኛው ዘረመል እንደሚሠራ፣ የትኛው ዝም እንደሚል በመወሰን ትልቅ ድርሻ አላቸው። ካንሰር ሲነሳ ይህ ሥርዓት ይዛባል፤ ዕጢን የሚገቱ ዘረመሎች በሜቲል ይታፈናሉ። የሽንት ምርመራው የሚፈልገው ይህንን አሻራ ነው። ብላደር ኢፒቼክ የሚባለው ለምሳሌ 15 ምልክቶችን አንድ ላይ ያያል። በዋናነት የሚያገለግለው ግን ቀድሞ ለታከሙና ክትትል ላይ ላሉ ሰዎች ነው።

ለአባትዎ ግን የሽንት ምርመራው ብቻውን አይበቃም። ኃይለኛውን ካንሰር በደንብ ይይዛል፤ ቀስ ብሎ የሚያድገው ግን ሊያመልጠው ይችላል። ካንሰር አለ ቢል እንኳ ዕጢው የት እንዳለ የሚያሳየውና ናሙና የሚወሰድበት ያው ካሜራ ነው።

እኔን በጣም ያሳሰበኝ ደሙ በራሱ መቆሙ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይዘናጋል። የፊኛ ካንሰር ደም ያለ ሕመም መጥቶ ይጠፋል፣ ከወራት በኋላ ይመለሳል። ሲጋራ ዋናው መንስኤው ነው። አንዳንድ የቀለም ኬሚካሎችም ከብዙ ዓመት በኋላ ያመጡታል። በእርግጥ ጠጠር፣ ኢንፌክሽን ወይም ፕሮስቴትም ሊሆን ይችላል። አዋሽ ሸለቆ ኖረው ከሆነ የሽንት ቢልሃርዝያም አለ፤ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩት።

አባትዎን ቁጭ ብለው ያነጋግሯቸው። ተጣጣፊ ካሜራ ካለ በሚያደነዝዝ ቅባት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከዚያ ለአንድ ሁለት ቀን ሽንት ያቃጥል ይሆናል። ዕጢው ገና ላይ ላዩን ከሆነ ደግሞ ሆድ ሳይከፈት በዚያው በሽንት ቧንቧ ገብቶ ይወጣል። እባክዎ ይህን በደንብ ይንገሯቸው፤ ብዙ አባቶች የሚፈሩት ቢላዋውን ነው።

ቀጠሮውን በዚህ ሳምንት ያስይዙ። እስከዚያ ደም ረግቶ ሽንት ከዘጋባቸው ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።