«የሰዓቴ አልማዝ ለምን ዋጋ አጣ?» እና ሌሎች ጥያቄዎች

ጥምቀት አልፎ፣ የጥር ሠርግ አብቅቶ እንግዳው ወደየመጣበት ሲመለስ ለዚህ ዓምድ የሚደርሱት ጥያቄዎችም አብረው ይቀየራሉ። ዘንድሮ ደጋግሞ የመጣው በአልማዝ ስለተለበጠ ሰዓት ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ድንጋይ አልነበረበትም፤ በኋላ ሌላ እጅ ነው የደረደረበት። ሰዓት በመጠገን የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ መልሴም የጠጋኝ መልስ ነው። ያምራል አያምርም የሚለውን ለባለቤቱ ትቻለሁ።

«ጋሼ፣ አሜሪካ ያለው የእህቴ ባል ለሠርጌ ሮሌክስ ዴትጀስት ሰጠኝ። ፊቱም፣ ዙሪያውም፣ ማሰሪያውም አልማዝ ነው። ሰዓቱን ከገዛሁበት ይልቅ ለድንጋዩ ያወጣሁት ይበልጣል ይላል። አሁን ቤት ጀምሬ ገንዘብ አጠረኝና ልሸጠው ብል፣ አዲስ አበባ ያሉ ገዢዎች ድንጋይ ከሌለው ሰዓት ያነሰ ዋጋ ይሰጡኛል። እያጭበረበሩኝ ይሆን?» (ከአዘዞ)

ገዢዎቹ አላጭበረበሩህም። ሰዓት የሚያውቅ ገዢ ገንዘቡን የሚያወጣው ከፋብሪካው እንደወጣ ለቆየ ዕቃ ነው። የሌላ ሰው እጅ የገባበት ሰዓት ለእሱ ጥያቄ ያለበት ሰዓት ነው። ሮሌክስ ራሱ ሌላ ሰው ድንጋይ ያስገባበትን ሰዓት ለጥገና አይቀበልም፤ የ5 ዓመት ዋስትናውም እዚያው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ገዢው ነገ ሲበላሽ የት እንደሚያሠራው ያስባል፣ ያንንም ከዋጋው ላይ ይቀንሳል።

ፋብሪካው ያስገባው አልማዝ ግን ሌላ ነገር ነው። የቬትናም የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት የባኦ ዳይ ሮሌክስ ጥቁር ፊቱ ላይ የፋብሪካ አልማዞች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2017 ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ቀርቦ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ድንጋዮቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ካራታቸውም ለወሬ አይበቃም። ገዢው ገንዘቡን ያወጣው ሰዓቱ ማን ቤት እንደተሠራና የማን እጅ ላይ እንደነበረ አይቶ ነው።

የአንተ ላይ ያሉት ድንጋዮች ምን ያህል እንደሆኑ እስኪ አብረን እናስላ። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። በእንዲህ ያለ ሰዓት ላይ የሚደረደረው ክብ ድንጋይ ስፋቱ 1.3 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን አንዱ የሚመዝነው የካራት አንድ መቶኛ ያህል ነው። 1,000 ድንጋይ ቢኖርበት 10 ካራት፣ ማለትም 2 ግራም ነው። ሻጩ «10 ካራት አልማዝ» ሲል ጆሮ ላይ ከባድ ይመስላል። ነገር ግን 10 ካራት የሚመዝን አንድ ድንጋይና በ1,000 ቅንጣት የተከፋፈለ 10 ካራት በዋጋ አይገናኙም። ቅንጣቶቹ አንድ በአንድ የምስክር ወረቀት የላቸውም፣ ነቅሎ ለመሸጥም የሚያወጡት ከድካሙ ያንሳል። የእህትህ ባል የከፈለው ትልቁ ገንዘብ ለሠራተኛው እጅና ለሱቁ ትርፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሰዓቱ ጋር አይሸጥም።

አሁን ወደሚጠቅምህ ልምጣ። አሜሪካ ደውለህ አንድ ነገር ጠይቅ፦ ሲሠራ የተነሳው የፋብሪካው ዕቃ የት ሄደ? ብዙ ጊዜ ፊቱና በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ቀለበት ይነሱና አልማዝ ያለበት ሌላ ይገጠማል። ዴትጀስት ላይ ያ የተሸነሸነው ቀለበት ከሆነ ወርቅ ነው፤ ብረት የሚመስለውም ነጭ ወርቅ ነው። መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ ያስልክልህ። ፊቱና ቀለበቱ ወደ ቦታቸው ከተመለሱ ከጠፋው ዋጋ ጥሩው ክፍል ይመለሳል። ማሰሪያውና ማሽኑን የያዘው ቀፎ ግን ተሰርስረው ድንጋይ የገባባቸው ከሆኑ መመለሻ የላቸውም፤ የተበሳ ብረት አይደፈንም። ማሰሪያውን በሌላ መቀየር ትችላለህ፣ ቀፎው ግን ሰዓቱ ራሱ ነው። እኔን አስቀድሞ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ የምለው ይህንኑ ነበር፦ የሚፈታውን እንደፈለጋችሁ አስጊጡ፣ ቀፎውን አታስነኩ። ደህና የነበረን ቀፎ መብሳት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

«ለባለቤቴ በልደቱ ሰዓት ገዛሁለት። ሻጩ ብዕር በሚመስል መመርመሪያ ነክቶ ‹ይኸው አልማዝ ነው› ብሎ ድምፁን አሰማኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ሞይሳናይት ነው አለችኝ። ማንን ልመን?» (ከማራኪ)

እህቴ፣ ሁለቱም የሚያውቁትን ነው የነገሩሽ። ያ ብዕር የሚለካው ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያልፍ ነው። አልማዝ ሙቀትን ቶሎ ያሳልፋል፣ አልማዝ የሚመስለው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ሞይሳናይትም ከእሱ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ሙቀት ብቻ የሚለካው ዓይነት ሁለቱንም «አልማዝ» ብሎ ይጮኻል። የሚለያቸው ኤሌክትሪክ ማሳለፍንም ጨምሮ የሚለካው ነው። ሌላም አለ፦ ድንጋዩ በጣም ትንሽ ሲሆን የብዕሩ ጫፍ ብረቱን ይነካል፣ ያኔ የሚሰማው ድምፅ የብረቱ ነው። «ተንፍሺበት፣ ጉሙ ቶሎ ከጠፋ አልማዝ ነው» የሚሉሽም አሉ። እሱም ዚርኮኒያን (ርካሹን ሰው ሠራሽ ድንጋይ) ቢለይ እንጂ ሞይሳናይትን አይለይም።

በዓይን የሚታይ ምልክት አለ። ወርቅ ሠሪዎች ዘንድ የማትጠፋውን 10 እጥፍ የምታጎላ መነጽር ተዋሺና ድንጋዩን በሰያፍ ተመልከቺ። ሞይሳናይት ውስጥ የኋለኛው ጠርዝ መስመሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይታያሉ፤ አልማዝ ውስጥ ነጠላ ናቸው። ድንጋዩ ትንሽ ሲሆን ይህን ለማየት ልምድ ይጠይቃል። ፀሐይ ላይ ደግሞ ሞይሳናይት የቀስተ ደመናውን ቀለም አብዝቶ ይረጫል። ከመጠን በላይ ሲያሸበርቅ እኔ እጠረጥራለሁ።

ሞይሳናይት ቢሆንም ግን ባለቤትሽ ፊት አትሸማቀቂ። የድንጋይ ጥንካሬ በሚለካበት በሞህስ መለኪያ 9.25 ነው፣ አልማዝ 10። ሰዓት ላይ ዕድሜ ልኩን ሳይጫር ይኖራል። ጥፋቱ የአልማዝ ዋጋ ከፍለሽ ከሆነ ነው። ደረሰኝሽን አውጥተሽ እይው። «ድንጋይ ያለበት ሰዓት» ብቻ የሚል ከሆነ ወደ ሻጩ ተመልሰሽ ሂጂና የድንጋዩን ዓይነት ጽፎ እንዲፈርምልሽ ጠይቂው። የሻጩ ፊት ሲለወጥ ካየሽ መልስሽን አግኝተሻል።

ቤተ ሙከራ የሚሠራው አልማዝስ ለምትሉ ሌሎች ጠያቂዎች፦ እሱ እውነተኛ አልማዝ ነው፤ በብዕርም በመነጽርም ከማዕድኑ አይለይም። ዋጋው ግን ወርዷል። የአልማዝ ኩባንያው ዴ ቢርስ እ.ኤ.አ. በ2018 ላይትቦክስ በሚል ስም መሸጥ ሲጀምር ካራቱን በ800 ዶላር ነበር ያቀረበው። ሰዓት አምራቹ ታግ ሆየር እ.ኤ.አ. በ2022 በዚህ አልማዝ ያጌጠ ሰዓት ሠርቷል። የማዕድን አልማዝ ዋጋ የተጠየቀ ሰው ግን ማስረጃ ሳያይ አይክፈል።

«በቴሌግራም ሰዓት እሸጣለሁ። አልማዝ ያስገባሁበትን ‹ኦሪጅናል ሮሌክስ ከነአልማዙ› ብዬ ባስተዋውቅ ችግር አለው?» (ከቅዳሜ ገበያ)

አለው። ሰዓቱ ኦሪጅናል የነበረ ነው፣ አልማዙ ግን የሮሌክስ አይደለም። አንተ የጻፍከው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይሸጣል። አሜሪካ ውስጥ ቤከርታይም የተባለ የቴክሳስ ሻጭ በሌላ ሰው አልማዝና ቀለበት የተለወጡ ሰዓቶችን በሮሌክስ ስም ሲሸጥ ተከስሶ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የንግድ ምልክት ጥሷል ብሎታል። በዚያው ወር የስዊዘርላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በሌላ ተመሳሳይ ጉዳይ ላይ መስመር አስምሯል፦ ባለቤቱ የራሱን ሰዓት ለራሱ ማስለወጥ ይችላል፣ ሱቅ ግን ለውጦ በአምራቹ ስም ለገበያ ማቅረብ አይችልም። የእነሱ ፍርድ እዚህ አይገዛህም፤ መስመሩ ግን ትክክል ይመስለኛል። «ሮሌክስ፤ አልማዙ በኋላ የገባ» ብለህ ጻፍ። ደንበኛ ይቀንስብሃል፣ ሰዓቱን ይዞ የሚመለስብህም ይቀንሳል።

«ወርቅ ቤት ሥራ እየተማርኩ ነው። አንድ ደንበኛ የብረት ሮሌክስ አምጥቶ ቀፎውን በድንጋይ ሙላልኝ አለኝ። ጥሩ ይከፍላል። ልቀበል?» (ከፒያሳ)

ይህኛው ጥያቄ ደስ ብሎኛል፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ወርቅ ላይ ፈርጥ ስታስገባ ከወርቁ ራሱ ትንንሽ ጥፍር ታነሳና ድንጋዩ ላይ ታጥፈዋለህ። ወርቅ ይታዘዛል። ሮሌክስ የሚጠቀምበት 904ኤል የሚባለው ብረት ግን እልከኛ ነው፤ በሠራኸው ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል፣ መሰርሰሪያህን ይበላል፣ ጥፍሩም እንደ ወርቁ አይታጠፍልህም። ስለዚህ ብዙዎች አቋራጩን ይመርጣሉ፦ ቀዳዳ በስተው ድንጋዩን በሙጫ ይለጥፉታል።

በቅርቡ ጠረጴዛዬ ላይ የመጣ አንድ ሰዓት ሰከንድ ቆጣሪው አንድ ቦታ ሲደርስ ተንቀጥቅጦ ይቆማል። ስከፍተው አንዲት ድንጋይ፣ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማትበልጥ፣ ከውስጠኛው ጠርዝ ወድቃ በፊቱና በቆጣሪው መካከል ተሸጉጣለች። ሆዷ ላይ ቢጫ ሙጫ ደርቆባታል። የወጣችበትን ቀዳዳ በመርፌ ስነካው ጎረቤቷም ተነቃነቀች፣ የሷም ጎረቤት። ባለቤቱ ለሙጫ ምን ያህል እንደከፈለ ሲነግረኝ መልስ አልሰጠሁትም።

ሁለተኛው ነገር ቀዳዳው ነው። ቀለበት ላይ ስትሠራ ከኋላ ብርሃን እንዲገባና እንዲታጠብ ቀዳዳውን አሳልፈህ ትበሳለህ። ሰዓት ቀፎ ላይ ማሳለፍ የለም፤ ከግድግዳው ማዶ ማሽኑ ነው። ግድግዳው በሳሳ ቁጥር የኋላ ክዳኑ የሚጠብቅበት ጥርስና ጎሚኒው የሚያርፍበት ቦታ ይዛባል። ከዚያ በኋላ ውሃ እንዳይገባበት ማንም ዋስ አይሆንህም። ሮሌክስ እ.ኤ.አ. በ1926 ኦይስተር ብሎ ስሙን ያስጠራው ውሃ በማያስገባው ቀፎው ነበር፤ ደንበኛህ ጥሩ ገንዘብ እየከፈለህ ያለው እሱኑ እንድታፈርስለት ነው።

የምመክርህ ይህ ነው። ቀፎውን አትቀበል። የመስታወቱን ቀለበት ብቻ ከወርቅ አዲስ ሠርተህ ፈርጥ አስገባበት፤ የፋብሪካውን ቀለበት በወረቀት ጠቅልለህ ለባለቤቱ መልስለት። አዲሱ ላይ የሮሌክስን ዘውድ እንዳትቀርጽ፣ ያ ሌላ ጣጣ ነው። ቀለበቱን ሰዓት ጠጋኝ ያውልቅልህ፣ እሱው ይግጠምልህ። የብረት ብናኝ ማሽን ውስጥ ከገባ የጥገናው ዋጋ ከአንተ የእጅ ዋጋ ይበልጣል። ስታስረክብ ደግሞ የድንጋዩን ብዛትና ዓይነት ጽፈህ ሁለታችሁም ፈርሙ።

«በአልማዝ ፈንታ የወሎን ኦፓል ሰዓቴ ላይ ባስገባስ? የሀገራችን ነው፣ ዋጋውም ይሻላል።» (ከቀበሌ 18)

ሐሳቡን እወደዋለሁ፣ ቦታውን ግን ቀይረው። የደላንታ ኦፓል ጥንካሬው ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ ተራ አቧራ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ እንኳ ይጭረዋል። ከዚያም በላይ ውሃ ይጠጣል። እጅህን ስትታጠብ ጠጥቶ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሲደርቅ ይመለሳል፤ ዘይትና ሽቶ ከጠጣ ግን ላይመለስ ይችላል። የሰዓት ዙሪያ በየበሩና በየጠረጴዛው የሚጋጭ ቦታ ነው። ኦፓልን በስሱ አስቆርጠህ ከመስታወቱ ሥር ፊቱ ላይ ካደረግከው ግን ማንም የሌለው ሰዓት ይኖርሃል። እንዲያ የተሠራ ባይ ደስ ይለኛል።

«አልማዝ ያለበትን ሰዓቴን አድርጌ ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ብወርድ ውሃው ሲረጭ ምን ይሆናል?» (ከአራዳ)

አልማዙ በኋላ የገባበት ከሆነ ቤት አስቀምጠኸው ውረድ። ጸበሉ አንተን ይበቃሃል።

«ልጄ መጋቢት ላይ ያገባል። ሚዜዎቹ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ሰዓት ስላደረጉ እሱም ካላደረግሁ ብሎ ሊበደር ነው። ምን ልበለው?» (እናት፣ ከጃንተከል አካባቢ)

እትዬ፣ መጀመሪያ መጋቢት ጾም መሆኑን ይንገሩትና ቀኑን ያስተካክል። ስለ ሰዓቱ ደግሞ እንዲህ ይበሉት፦ ሚዜዎቹ ያደረጉት አብዛኛው ዚርኮኒያ ያለበት የኳርትዝ ሰዓት ነው፣ ፎቶ ላይ ማንም አይለየውም። ለአንድ ቀን ከፈለገ ከእነሱ አንዱን ይዋስ። የማይቀርለት ከሆነ አንድ ደህና ሰዓት ባዶውን፣ ያለ ድንጋይ፣ በእጁ ባለው ገንዘብ ይግዛ። ድንጋይ በማንኛውም ጊዜ ሊያስገባበት ይችላል፣ ለመቸኮል ምክንያት የለውም። ብድሩን ግን እርስዎ ዋስ ሆነው እንዳይፈርሙ።

«እንዴት ላጽዳው?» (ስልክ ቁጥር ብቻ)

ማሰሪያው ከሰዓቱ የሚፈታ ከሆነ ፍታውና ለብቻው ለብ ባለ ውሃ፣ በትንሽ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እሸው። ከሥር ሳህን አስቀምጥ፤ የላላ ድንጋይ ካለ እዚያ ይወድቃል። የሚንቀጠቀጠው ማጠቢያ ማሽን ውስጥ እንዳታስገባው፣ ሙጫ ካለው ያፈርሰዋል። ሰዓቱን ራሱን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረገው። ማሰሪያው የማይፈታ ከሆነ ወደ ጠጋኝ ውሰደው።