አይረን ካውያ ነው ወይስ ብረት?

«ዱባይ ያለችው እህቴ ‹አይረን ልላክልሽ?› አለችኝ፤ ለእርግዝናዬ ጤና ጣቢያ የሚሰጡኝ ክኒንም አይረን ይባላል። አንድ ናቸው?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ አብሽሪ እህቴ፣ ቃሉ አንድ ነው። መነሻው ብረት ነው፤ ካውያም ስሙን ያገኘው ድሮ ከብረት ስለሚሠራ ነው።

እንግሊዝኛው ላይ ከፊቱ «አን» ካለች ዕቃው ነው። ከሌለች አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ራሱ ነው፤ ክኒንሽም ከዚህ ወገን ነው። ልብስ ላይ «ዱ ኖት አይረን» የሚል ካየሽ አትተኩሺው ማለት ነው። «ኮሩጌትድ አይረን» የጣሪያችን ቆርቆሮ ነው፤ ስሙ ብረት ይበል እንጂ ዛሬ ዚንክ የተለበጠ ስቲል ነው። የሬዲዮ ጠጋኙ «ሶልደሪንግ አይረን»፣ የፀጉር ቤቷ «ከርሊንግ አይረን» ነው። እንግዲህ እህትሽን የትኛውን እንደሆነ ጠይቂያት፤ «ስቲም አይረን» ካለች ባለ እንፋሎቱ ካውያ ነው።

የዱባዩ ለእኛ መብራት ይስማማል። ከአሜሪካ የመጣ ባለ 120 ቮልት ግን እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል። የዱባዩ ስፒና ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስላለው ደሴም ኮምቦልቻም ያለው ሶኬት ላይ አይገባም፣ ይቀየራል። ሲቀየር አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለበትን ሽቦ አስቆርጠሽ እንዳታስጥይ፤ የመሬት መስመሩ እሱ ነው፣ ካውያ ደግሞ ውሃና መብራት አብሮ የያዘ ዕቃ ነው። 2400 ዋት ከሆነ ወደ 11 አምፔር ይስባል። ገመዱ የቀጠነ ማከፋፈያ ይህን አይችልም፤ መጀመሪያ ይግላል፣ ቀጥሎ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ግድግዳው ላይ በቀጥታ ስኪው።

መዘውሩ ላይ ያሉት ነጥቦች የሙቀት ልክ ናቸው፦ አንድ ነጥብ ወደ 110 ዲግሪ፣ ለናይለን፤ ሁለት ወደ 150፣ ለሱፍና ለፖሊስተር፤ ሦስት ወደ 200፣ ለጥጥ። ከሁለት ነጥብ በታች እንፋሎት ከከፈትሽ ውሃው ሳይተን ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል። ነጠላን በሦስት ነጥብ፣ ትንሽ እርጥበት ሳለው ተኩሺ። ጥለቱ ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ ግን በጀርባው ገልብጠሽ፣ ስስ ጨርቅ ጣል አድርገሽበት በአንድ ነጥብ ይበቃዋል።

ክኒኑን ከቡናና ከሻይ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቀሽ ውሰጂ፣ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክሉታልና። ብርቱካን ያግዘዋል። ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ የተለመደ ነው። ክኒኑን ግን ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጪው፤ ለሕፃን ብዙ ፍሬ መዋጥ ሕይወት ያሳጣል።