«ስቶማታዎች» ወይስ «የቅጠል አፍ»?

ከቢቸና አንዲት የባዮሎጂ መምህርት እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «ተማሪዎቼ የጎመን ቅጠል ጀርባ ላይ የጥፍር ቀለም ቀብተው፣ ሲደርቅ ልጠው በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ‹ስቶማታዎቹ ታዩኝ› ይላሉ። ልክ ነው? በአማርኛስ ‹ቀዳዳ› ብለው ይሻላል?»

እኅቴ፣ ጥያቄዎ የቆየ ቁስሌን ነካው። ቅጠል አየር የሚያስገባባትንና የሚያስወጣባትን ጥቃቅን ክፍተት ሳይንሱ «ስቶማ» ይላታል፤ «ስቶማ» በግሪክኛ አፍ ማለት ነው፤ «ስቶማታ» ደግሞ አፎች። «ስቶማታዎች» ያለ ሰው ብዙውን እንደገና አበዛው። «መምህራኖች»፣ «ካህናቶች»፣ «ቅዱሳኖች» ከሚሉት ጋር አንድ በሽታ ነው፤ ግእዝ አብዝቶ የሰጠንን በ«-ኦች» እንደግመዋለን። የግእዝ ቅኔ ትምህርት ቤቶቹ ዲማ ጊዮርጊስና ዋሸራ ባሉበት አገር ይህን መስማት ያንገበግበኛል።

«የተዋስነው ቃል በእኛ ሕግ ይገዛል፤ የግሪክን ብዜት ማን ያስታውሰዋል?» የሚሉኝ አሉ። የእኛ ሕግማ ብዜት የማይፈልግበት ቦታ ሞልቷል። «ብዙ ሰው መጣ»፣ «ሦስት በሬ ሸጠ» እንላለን። «ብዙ ስቶማታ ታየኝ» ቢባል ምን ይጎድላል? ነገር ግን አንድ ቃል አፌን ይይዘዋል፤ እርሱም «ዕፀዋት» ነው። ዕፅ ሲበዛ ዕፀው ነው፤ ዕፀው ደግሞ ተመልሶ ዕፀዋት ሆነ። ንጉሥም ነገሥት፣ ነገሥትም ነገሥታት ተብሏል። ብዜትን በብዜት ላይ መደረብ የጀመረው ግእዝ ራሱ ነውና ይህን አልክድም። «ስቶማታዎች» ብለው በጻፉ ልጆች ላይ ነጥብ አይቀንሱ፤ እኔ ግን አልጽፈውም።

«ቀዳዳ» የሚለውን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ቀዳዳ ከ«ቀደደ» የወጣ ነው፤ ውስጡ ጉዳት አለበት። ልብስ ይቀደዳል፣ ማድጋ በቀዳዳው ያፈሳል፣ ሰውም ይደፍነዋል። «ዋሽንትም 4 ቀዳዳ አለው፤ ጉዳት አይደለም፣ ይከፈታል ይዘጋልም» የሚል ሙግት ሰምቻለሁ። ጥሩ ሙግት ነው። ሆኖም የዋሽንቱን ቀዳዳ የሚዘጋው የነፊው ጣት ነው፤ ሸምበቆው በራሱ አይዘጋም። ቅጠሉ ግን ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል።

እንዴት ቢሉ፣ በእያንዳንዱ አፍ ግራና ቀኝ ሁለት ሕዋሳት አሉ። መጻሕፍቱ «ጠባቂ ሕዋሳት» ይሏቸዋል፤ እኔ «ከንፈር» ብላቸው ደስ ይለኛል። ፖታሲየም ሲገባባቸው ውኃ ይከተለዋል፣ ይነፋሉ። ወደ አፉ ያለው ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ ሲነፉ ወደ ውጭ ይጎብጣሉ፤ አፉም ይከፈታል። ውኃው ሲወጣ ይላላሉ፣ ይገጥማሉ። በተከፈተው አፍ ቅጠሉ ምግቡን የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል፤ ከ10,000 እጅ አየር 4 እጅ ያህል ብቻ ነውና ቅጠሉ አፉን ከፍቶ መቆየት ግድ ይሆንበታል። በዚያው አፍ ኦክስጅን ይወጣል፣ የውኃ እንፋሎትም ይወጣል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እንላለን፤ ቅጠል አፉን ሲዘጋ ግን ውኃውን ቢያተርፍም ምግቡም አብሮ ይቀርበታል። ዝናብ በጠፋበት ሰሞን በፍኖተ ሰላም በኩል ያለፈ ሰው የቀትር በቆሎ ቅጠሉን እንደ ሰነድ ጠቅልሎ ቆሞ ያየዋል፤ ያን ጊዜ አፉንም ዘግቷል። እሬት ደግሞ የባሰ ጥንቁቅ ነው፤ አፉን ሌሊት ከፍቶ ቀን ይዘጋል። የእንስራ አፍ፣ የጆንያ አፍ፣ የጉድጓድ አፍ የሚል ሕዝብ ለዚህ «የቅጠል አፍ» ማለት እንዴት ያቅተዋል?

ሳላነሳው የማላልፈው አለ። በደብዳቤዎ ፎቶሲንተሲስን «ብርሃን አስተጻምሮ» ብለው በጸሎቱ ጸ ጽፈዋል። ግሡ ፀመረ ነው፤ በፀሐዩ ፀ ይጻፋል። ፀ በአማርኛ ጠ እየሆነ ፀመረ ጠመረን፣ ጠመረም ጥምርን፣ ጣምራንና ጥምረትን ሰጠን። ጎረቤቱ ፀመደም እንዲሁ ጠመደ ሆኖ የገበሬውን ጥማድ ወለደ። ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ውኃን አጣምሮ ስኳር ለሚያደርግ ሥራ ከዚህ የተሻለ ግሥ አይገኝም። ቅር የሚለኝ አገባቡ ነው። ብርሃን አጣማሪው እንጂ ተጣማሪው አይደለምና «አስተፃምሮ በብርሃን» ቢባል ይቀናኝ ነበር። ግን ቃሉ ትምህርት ቤት ገብቶ ለምዷል፤ ማንም አይመልሰውም።

ፈተናው የሚጠይቀው «ስቶማታ» ብሎ ስለሆነ መጀመሪያ ቀን ሰሌዳው ላይ «ስቶማታ»ንና «የቅጠል አፍ»ን ጎን ለጎን ይጻፏቸው። ከዚያ በኋላ ሲያስረዱ «አፉ ተከፈተ፣ አፉ ተዘጋ» ይበሉ።