«ፌም» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር ስለመጠቀም፦ የድሬና የሐረር ልጆች የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

ሰላም ነው? ድሬ ላይ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፣ ስለ ፌም (fame፣ ዝና) ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ይኸው እየመለስኩ ነው።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ ከሳቢያን። «ሂ ሃዝ ኤ ቢግ ፌም» ብዬ ፅፌ ተሰረዘብኝ፣ ምኑ ነው ስህተቱ?

መልስ፦ እህቴ ሁለት ነገር ነው። ፌም አይቆጠርም፣ ስለዚህ ባንቺ ደረጃ ከፊቱ «ኤ» አታስገቢ፣ መጨረሻውም ላይ «ኤስ» አይጨመርበትም። «ቢግ»ም አይሄድለትም፣ «ግሬት ፌም» ወይ «ኢንተርናሽናል ፌም» ነው የሚባለው። ግን እኛ «ትልቅ ዝና አለው» ስለምንል ነው እንጂ እነሱ ስለ ሰው ሲያወሩ ባብዛኛው «ሂ ኢዝ ቬሪ ፌመስ» (በጣም ታዋቂ ነው) ብለው ነው የሚጨርሱት፣ እና ፌም ማለት ዝና ብለሽ ብቻውን አትሸምድጂው፣ አብረውት ከሚመጡት ቃላት ጋር ያዢው።

ጥያቄ፦ እሺ ከየትኛው ቨርብ ጋር ነው የሚሄደው? እኔ «ጎት ፌም» ነው የምለው።

መልስ፦ ይገባሃል ሰው፣ ግን ደካማ ነው። «ጌይንድ ፌም»፣ «አቺቭድ ፌም»፣ «ዎን ፌም» በል። ከሁሉም የምወደው «ሮዝ ቱ ፌም» (ታዋቂ ሆነ) ነው፣ መሃሉ ላይ «ዘ» የለም፣ «ሮዝ ቱ ዘ ፌም» የሚሉ ብዙ ልጆች አሉ ተጠንቀቅ። ድንገት ከሆነ ደግሞ «ሾት ቱ ፌም»። አበበ ቢቂላን ውሰድ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን እስኪያሸንፍ ድረስ ከአገር ውጪ ማን ያውቀው ነበር? ስለዚህ «አበበ ቢቂላ ሾት ቱ ፌም ኢን 1960» ብትል በጣም ልክ ነው።

ጥያቄ፦ ሐረር ጁገል ውስጥ ነው የማስጎበኘው። ለቱሪስት «ሐረር ኢዝ ፌመስ ባይ ኮፊ» እላለሁ፣ ትክክል ነኝ?

መልስ፦ ወንድሜ «ፎር» ነው፣ «ሐረር ኢዝ ፌመስ ፎር ኢትስ ኮፊ»። በምን እንደታወቀ ስትናገር «ፎር»፣ ምን ሆኖ እንደታወቀ ስትናገር «አዝ»። የፈረንሳዊው ገጣሚ የአርተር ራምቦ ቤት ስትደርሱ «አዝ»ን ትጠቀማለህ፦ «ራምቦ ኢዝ ፌመስ አዝ ኤ ፖኤት»። ግን እዚህ ጋ አደራ የምልህ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ሲገባ ግጥም ትቶ ነጋዴ ሆኖ ነው የመጣው፣ የገነነው በተለይ እ.ኤ.አ. በ1891 ከሞተ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ቱሪስቱ ታዋቂ ገጣሚ ሆኖ ሐረር እንደኖረ እንዳያስብ «ሞስት ኦፍ ሂዝ ፌም ኬም አፍተር ሂዝ ዴዝ» ብለህ ጨምርበት። ያንተ አንድ አረፍተ ነገር ነው ስለ ከተማችን ይዞት የሚሄደው።

ጥያቄ፦ አቦ «ክሌይም ቱ ፌም» ምንድነው?

መልስ፦ አንድ ሰው ወይ ቦታ ስሙ የሚነሳበት ዋናው ነገር ማለት ነው። «ድሬዳዋስ ክሌይም ቱ ፌም ኢዝ ዘ ሬይልዌይ» በል፣ ውሸት የለውም። ከጅቡቲ የመጣው ሃዲድ ሐረር ተራራው ላይ መውጣት ከብዶት ነው እ.ኤ.አ. በ1902 ከስር እዚህ የቆመው፣ ከተማዋም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር የተባለችው።

ጥያቄ፦ «ፌመስ» ፊት «ኢን» ሲጨመርበት በጣም ፌመስ ማለት ነው አይደል? ስለምወደው ዘፋኝ ልፅፍ ነበር።

መልስ፦ ኧረ በፍፁም! በክፉ ሥራው የታወቀ ማለት ነው፣ ለወንበዴና ለጨካኝ ገዢ ነው የሚባለው። አነባበቡም «ኢን ፌመስ» አይደለም፣ ኢን ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ «ኢንፈመስ» ነው። ለዘፋኙ «ፌመስ» ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ከፊራ ገበያ ሳምቡሳ የምትሸጥ ሰው ሁሉ የሚያውቃት እናት አለች፣ ፌም አላት ይባላል?

መልስ፦ አይባልም፣ ፌም ከሰፈርም ከከተማም ወጣ ያለ ነው። ለሷ «ሺ ኢዝ ዌል ኖውን ኢን ከፊራ» ወይ ሰው ስለሚወዳት «ፖፑላር» በል። ሳምቡሳዋ ጥሩ ነው ተብሎ ስሟ ከተጠራ ደግሞ «ሺ ሃዝ ኤ ጉድ ሬፑቴሽን»፣ እዚህ ላይ «ኤ» አለ ልብ በል።

ጥያቄ፦ «ዲፌም»ስ?

መልስ፦ ስም ማጥፋት፣ ቨርብ ነው። «ሂ ዲፌምድ ሚ» ስሜን አጠፋው ማለት ነው።