«አራተኛው መርፌ ላይ ጦጣዎቹ ወደቁብን» ላለችው እህታችን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። ሁለት መስመር ጽፌ ልተኛ ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ብዙ ዓመት የኖርኩበት ነገር ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

ጥያቄዋን ላላያችሁ የግሩፑ አባላት ነገሩ ይህ ነው። አዲስ የአንቲቦዲ (ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚዋጋበት ፕሮቲን) መድኃኒት ለጦጣዎች እየሰጡ ነው። ጥናቱ የ13 ሳምንት ነው፤ በሳምንት አንዴ በደም ሥር ይሰጣል። ሦስት የዶዝ ቡድኖች አሉ፤ በኪሎ 10፣ 30 እና 100 ሚሊግራም። በ22ኛው ቀን፣ አራተኛው መርፌ ላይ፣ ከዝቅተኛው ዶዝ ቡድን ሁለቱ በደቂቃዎች ውስጥ ወደቁ። ድዳቸው ነጣ፣ አስመለሳቸው፣ ትንፋሽ አጠራቸው። አድሬናሊን ተወግተው ተነሱ። 100 ሚሊግራም የሚወስዱት ግን ምንም አልሆኑም። አለቃዋ «የታወቀ ነገር ነው፣ ቀጥሉ» አሏት። የመድኃኒቱ ባለቤት ሐኪም ደግሞ «ጦጣን የጣለ ሰውንም ይጥላል፣ ይቁም» አለ። እሷ መሐል ላይ ቀረች። ቀጣዩ መርፌ ከነገ ወዲያ ነው።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የተማርኩት ደብረ ዘይት ነው። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ የሠራሁት የመድኃኒት ደኅንነት በእንስሳት ላይ በሚፈተንባቸው ላብራቶሪዎች ነው። አንቺ ያየሽውን አውቀዋለሁ። ደህና የነበረ እንስሳ እጅሽ ላይ ሲዝለፈለፍ ያለው ድንጋጤ ከሰው አይወጣም።

የሚመስለኝን ልንገርሽ። ሁለቱም ቸኩለዋል። አለቃሽ የገመቱት ልክ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ገና ግምት ነው። ሐኪሙ የፈራው ነገር ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ይህ ግን እሱ የፈራው ዓይነት አይመስለኝም። ሁለቱን የሚለያቸው ማስረጃ ነው። ማስረጃው ደግሞ ያለው እነዚያ ሁለት እንስሳት ደም ውስጥ ነው።

የምትሰጡት መድኃኒት የሰው አንቲቦዲ ነው። ለሰው ተብሎ የተሠራ ፕሮቲን ለጦጣ ባዕድ ነው። የጦጣው ሰውነት እንደ ማንኛውም ባዕድ ነገር ይቆጥረውና በላዩ ላይ የራሱን አንቲቦዲ ይሠራል። እኛ ፀረ መድኃኒት አንቲቦዲ የምንለው ይህን ነው፤ በላብራቶሪ ቋንቋ ኤዲኤ። ለመሥራት ብዙውን ጊዜ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መርፌ የተዘጋጀ ጦር ላይ ይወድቃል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው መርፌ ላይ የሚወድቁት ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ራሱ እንዲህ በደቂቃዎች ውስጥ የሚጥል መርዝ ቢሆን ኖሮ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያው መርፌ ላይ ምልክት ታዪ ነበር።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1902 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ፈረንሳውያኑ ሻርል ሪሼ እና ፖል ፖርቲዬ ከባሕር እንስሳ ያወጡትን መርዝ ለውሾች ሰጡ። መጀመሪያ ችለውት የነበረው መርዝ ከሳምንታት በኋላ በትንሹ ሲደገም በደቂቃዎች ውስጥ ጣላቸው። አናፊላክሲስ (ድንገተኛ ከባድ አለርጂ) የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው፤ ሪሼም በ1913 ኖቤል ተሸለመበት። በ1905 ደግሞ ቪየና ላይ ክሌመንስ ፎን ፒርኬ እና ቤላ ሺክ የፈረስ ሴረም የተሰጣቸውን ልጆች መዝግበው ጻፉ። ሴረሙ ከተሰጠ ከሳምንት በላይ ቆይቶ ትኩሳት፣ ሽፍታና የመገጣጠሚያ እብጠት ይመጣ ነበር። አገራችን ውስጥ ሁመራና መተማ አካባቢ በእባብ የተነደፈ ሠራተኛ ያከመ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቃል። የእባብ መድኃኒቱ ከፈረስ ደም የሚሠራ ስለሆነ አድሬናሊን ሳይዙ አይጀምሩም። አንቺ ጋ ያለው ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ቦታ ብቻ ተለዋውጧል። ፈረሱ ሰው ሆኗል፤ ልጁ ጦጣው ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚስተው ነገር ልግባ። ዝቅተኛው ዶዝ ወድቆ ከፍተኛው ደህና መሆኑ አንቺን ግራ አጋብቶሻል። እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያረጋጋኝ እሱ ነው። መርዝ ሲጨምር ጉዳት ይጨምራል፤ እዚህ ተገልብጧል። በኪሎ 10 ሚሊግራም የሚወስዱት በሁለት መርፌ መሐል መድኃኒቱ ከደማቸው ሊያልቅ ይችላል። ያኔ የሠሩት ኤዲኤ ነፃ ሆኖ ቀጣዩን መርፌ ይጠብቃል። 100 የሚወስዱት ግን ደማቸው ሁልጊዜ በመድኃኒት የተሞላ ነው። የሠሩት ጥቂት ኤዲኤ ቢኖርም ወዲያው ይያዛል። አንዳንዴ ከፍተኛ መጠን ራሱ የሰውነትን ምላሽ ያዳክመዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የምታዪው ደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን ነው። የወደቁት ሁለቱ አራተኛው መርፌ ከመሰጠቱ በፊት በተቀዳው ደማቸው ውስጥ መድኃኒቱ ጠፍቶ ከተገኘ፣ ያልወደቁት ጓደኞቻቸው ጋ ደግሞ ካለ፣ ግማሹን መንገድ ጨርሰሻል።

ደም ሲባል አንድ ታሪክ አለኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ላብራቶሪ አንዲት ጦጣ እንዲሁ ወደቀችብን። ሦስት ሆነን ተረባረብን። አድሬናሊን፣ ኦክስጅን፣ ፈሳሽ። ዳነች፤ ደስ አለን። ግን ማናችንም ደም አልቀዳንም። ቀጣዩ ደም የተቀዳው በፕሮግራሙ መሠረት ከሳምንት በኋላ ነበር። ያኔ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ሪፖርቱ ላይ «ከኤዲኤ ጋር የተያያዘ ሳይሆን አይቀርም» ብለን ጻፍን። የተቆጣጣሪው ገምጋሚ «በምን ማስረጃ?» ሲል ጠየቀ። መልስ አልነበረንም። ይህን ለማሳየት ብቻ ተጨማሪ ጥናት ተሠራ፤ ስድስት ሌሎች ጦጣዎች ገቡበት። በአንድ ቱቦ ደም ሊተርፉ የሚችሉ ስድስት እንስሳት። ከዚያ ወዲህ በምሠራበት ጥናት ሁሉ ከአድሬናሊኑ ጎን ባዶ የደም ቱቦዎች አስቀምጣለሁ።

አንቺም ከነገ ወዲያ እንዲያ አድርጊ። አንድ እንስሳ ከወደቀ መጀመሪያ ሕይወቱን አድኑ። ወዲያው፣ በተቻለ መጠን በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ሌላ ሰው ደም ይቅዳ። ኤዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ባለው ቱቦ ቅዱ፤ በረዶ ላይ አድርጉት፤ ቶሎ ፕላዝማውን ለይታችሁ በጥልቅ ማቀዝቀዣ አስቀምጡት። ይህ ለኮምፕሊመንት ነው። ኮምፕሊመንት የሚባለው የደም ፕሮቲኖች ሰንሰለት ኤዲኤ ከመድኃኒቱ ጋር ሲጣበቅ ይነሳል፤ ሲ3ኤ እና ኤስሲ5ቢ-9 የሚባሉት ውጤቶቹ ከፍ ብለው ይታያሉ። ቱቦው ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ግን ኮምፕሊመንቱ እዚያው ቱቦ ውስጥ ይነሳና ውጤቱ አይታመንም። ለሳይቶካይን (የመከላከያ ሴሎች ለሚለቁት የመልእክት ፕሮቲን)፣ ለፕላትሌት (ደም ለሚያረጋው ሴል) ቆጠራና ለኤዲኤ የሚሆንም ቅዱ። ሂስታሚን (በአለርጂ ጊዜ የሚለቀቀውን ንጥረ ነገር) ከፈለጋችሁ በጣም ፍጠኑ፤ ከደም ቶሎ ይጠፋል።

የኤዲኤ ምርመራው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ዘዴ ድልድይ ነው። አንቲቦዲ ሁለት ክንድ አለው። ኤዲኤው በአንዱ ክንዱ ሳህን ላይ የተለጠፈውን መድኃኒት፣ በሌላው ብርሃን የሚሰጠውን መድኃኒት ይይዛል። ሁለቱን ሲያገናኝ ምልክት ታያለሽ። ችግሩ ናሙናው ውስጥ ብዙ መድኃኒት ካለ ክንዶቹ አስቀድመው መያዛቸው ነው። ያኔ ውጤቱ «የለም» ይላል፤ ኤዲኤው ግን አለ። ስለዚህ የከፍተኛው ዶዝ ቡድን ኔጌቲቭ ሆነ ብለሽ አትመኚው። ናሙናውን በአሲድ አላቅቆ መመርመር ይረዳል። መርፌው ቆሞ መድኃኒቱ ከደም ሲወጣ፣ በማገገሚያው ጊዜ፣ የሚቀዳው ደም ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

ለፓቶሎጂስቱም (የእንስሳቱን ሥጋ በማይክሮስኮፕ ለሚመረምረው) ከአሁኑ ንገሪው። ኤዲኤና መድኃኒቱ ተጣብቀው የሚሠሩት ክምችት ኩላሊት ማጣሪያ ላይና ደም ሥር ግድግዳ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ተራ ማይክሮስኮፕ ጉዳቱን እንጂ ምክንያቱን አያሳይም። የሰው አይጂጂ (መድኃኒቱ)፣ የጦጣ አይጂጂ ወይም አይጂኤም (የጦጣው አንቲቦዲዎች)፣ እንዲሁም ሲ3 የተባለው ኮምፕሊመንት፣ ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ እንደ ደቃቅ ፍሬ ተበትነው ከታዩ ጉዳዩ የመድኃኒቱ መርዝነት ሳይሆን የጦጣው ምላሽ መሆኑ ይታያል። እነዚህን በልዩ ቀለም ለማየት የሚሆን የኩላሊት ቁራጭ እንዲቀመጥ በጽሑፍ ጠይቂ። ከዚህ ሁሉ በኋላ «ከኤዲኤ ጋር የተያያዘ» ስትዪ ማንም «በምን?» አይልሽም።

አሁን ወደ ሐኪሙ ፍርሃት። እሱን አትናቂው። መጋቢት 2006 ለንደን፣ ኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል ውስጥ የሆነውን ሳያስብ የሚቀር ሐኪም የለም። ቲጂኤን1412 የተባለ አንቲቦዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጠ። ስምንት ጤነኛ ወጣቶች ነበሩ፤ ስድስቱ መድኃኒቱን፣ ሁለቱ ማስመሰያውን ወሰዱ። የተሰጣቸው በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ነው። ጦጣዎች ምንም ሳይሆኑ የወሰዱት 50 ሚሊግራም ነበር፤ አምስት መቶ እጥፍ። ስድስቱም ከአንድ ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ታመሙ። ሳይቶካይን እንደ ጎርፍ ተለቀቀ፤ የሰውነታቸው ክፍሎች መሥራት አቃታቸው። ሁሉም በሕይወት ተረፉ፤ አንደኛው ግን ጣቶቹን አጣ።

ይህን በደንብ እዪው። እዚያ ጦጣው ደህና ነበር፤ ሰው ወደቀ። አንቺ ጋ ጦጣው ወደቀ። የሁለቱ መንገድ ለየቅል ነው። ቲጂኤን1412 የወደቀው በራሱ ሥራ ነው፤ ሲዲ28 የሚባለውን የቲ ሴል (የሰውነት መከላከያ ሴል) መቀስቀሻ ይጫን ነበር። በኋላ እንደተገኘው፣ ሰው ጋ ምላሽ የሰጡት ሴሎች በነዚያ ጦጣዎች ላይ ሲዲ28 የላቸውም። እንዲህ ዓይነቱ ምላሽ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያው መርፌ ላይ ይመጣል፤ ዶዝ ሲጨምርም ይብሳል። ያንቺዎቹ ሦስት መርፌ ችለው አራተኛው ላይ ነው የወደቁት፤ ያውም ዝቅተኛው ቡድን። ስለዚህ ለሐኪሙ «ፍርሃትህን እጋራለሁ፤ ሳይቶካይኑንም እለካለሁ» በይው። መድኃኒታችሁ ቲ ሴልን የሚቀሰቅስ ዓይነት ከሆነ ደግሞ በሰው ደም ሴሎች ላይ የተሠራ የሳይቶካይን ምርመራ እንዳለ ጠይቂ። እሱን ጦጣ አይተካውም።

«ሰው ላይስ?» ላልሽው፣ መመሪያው ግልጽ ነው። ከሕያው ነገር የሚሠሩ መድኃኒቶች በእንስሳት ላይ ስለሚፈተኑበት መንገድ የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ የ1997ቱ አይሲኤች ኤስ6ም ሆነ በ2011 የተጨመረበት ክፍል፣ እንስሳ ኤዲኤ መሥራቱ ሰውም ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ይናገራሉ። ኤዲኤ መለካት የሚያስፈልገው ጥናቱን ለመተርጎም ነው። የመድኃኒቱ ሥራ ሲለወጥ፣ ደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ሳይጠበቅ ሲወርድ፣ ወይም እንደ እናንተ እንስሳ ሲወድቅ። ኤዲኤ ስለተገኘ ብቻ ጥናት አይቆምም። ጥናቱ ዋጋ የሚያጣው አብዛኞቹ እንስሳት መድኃኒቱ ጠፍቶባቸው ምንም ሳይፈተን ሲቀር ነው። የመካከለኛውና የከፍተኛው ቡድን ደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ሳይወርድ ከቆየ ጥናታችሁ ዋጋ አለው።

ግን «ጦጣ አይተነብይም» ማለት «ሰው ደህና ነው» ማለት አይደለም፤ ይህን ብዙዎች ያምታቱታል። ቦኮሲዙማብ የተባለውን የኮሌስትሮል አንቲቦዲ ፋይዘር ኅዳር 2016 ላይ አቆመው። በስድስቱ የኮሌስትሮል ጥናቶች ውስጥ ከወሰዱት ሰዎች 48 በመቶው በአንድ ዓመት ኤዲኤ ሠርተው ነበር። መድኃኒቱ ብዙዎቹ ላይ እየደከመ ሄደ። በ2008 የታተመው የሴቱክሲማብ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይገርማል። ሴቱክሲማብ የተባለውን የካንሰር አንቲቦዲ በአብዛኛው ቴነሲ፣ አርካንሶና ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ከታከሙበት 76 ሰዎች 25ቱ አለርጂ ያዛቸው። ከነሱ 17ቱ ገና መድኃኒቱን ሳይወስዱ ደማቸው ውስጥ የአለርጂ አንቲቦዲ ነበራቸው። አንቲቦዲዎቹ የታገሉት መድኃኒቱ ላይ ያለ አልፋ-ጋል የሚባል ስኳር ነው። በኋላ ምክንያቱ የመዥገር ንክሻ ሆኖ ተገኘ። ይህን የትኛው ጦጣ ይነግርሻል? የሰውን ምላሽ የሚነግርሽ የሰው ጥናት ነው፤ በጥንቃቄ፣ አንድ ሰው ቀድሞ ወስዶ፣ ታይቶ።

ለከነገ ወዲያው እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። የወደቁትን ሁለቱን መርፌ አልደግምባቸውም። ከጥናቱ ግን አላስወጣቸውም፤ ደማቸው በፕሮግራሙ ይቀዳል። ሌሎቹ ይቀጥላሉ፤ መርፌው ግን ቀስ ብሎ ይግባ። ዳይፈንሃይድራሚን የተባለውን የአለርጂ መድኃኒት አስቀድሞ መስጠት ይቻላል። ከሰጣችሁ ለሁሉም ቡድን ስጡ፤ መድኃኒቱን ለማይወስደው ቡድንም ጭምር። አለበለዚያ ማወዳደሪያችሁ ይበላሻል። ይህ ሁሉ ከመርፌው በፊት በስተዲ ዳይሬክተሩ (በጥናቱ ኃላፊ) ፊርማ የፕሮቶኮል ማሻሻያ ሆኖ ይጻፍ፤ በቃል አይሁን። አንድ እንስሳ ከዚያ በላይ እንዲሠቃይ የማይፈቀድበት መስመር የቱ ጋ እንደሆነም አስቀድማችሁ ተስማሙ። እንስሳው ተኝቶ ሳለ ስለሱ መከራከር ጭካኔ ነው።

በ22ኛው ቀን ከመርፌው በፊት የተቀዳው ሴረም ማቀዝቀዣ ውስጥ መኖር አለበት። ዛሬውኑ የመድኃኒት መጠን ምርመራ ይሠራበት ብለሽ ጠይቂ፤ እስከ ጥናቱ መጨረሻ አታቆዪው። ቁጥሩ ሲመጣ እዚሁ ጻፊልኝ። ከኔ ቁጥሮች ጋር አስተያይተን አብረን እናየዋለን።