ሸራ ከተቀየረ በኋላ ፍሬን ሲጮህ፦ ሌላ ሸራ ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ሳቄ መጣ። በአንተ አይደለም፣ በራሴ ነው። የቪትስህን የፊት ፍሬን ሸራ ካስቀየርክ ሦስት ሳምንት ሆኖሃል፣ ፍሬኑ በደንብ ይይዛል፣ ግን ቀስ ብለህ ስትረግጠው ሲጥ ይላል። ጋራዡ «ይለምዳል» ብሎ ሸኘህ። አሁን ሌላ ሸራ ልግዛ ወይ ትላለህ። ቆይ፣ አትግዛ። እኔ ገዝቼ አይቼዋለሁ።

የእኔ አሮጌ ኮሮላ ናት። ሸራ ያስቀየርኩ ሰሞን እዚህ ጎንደር ከጎሃ ቁልቁል ወደ ፒያሳ ስወርድ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ነበር። አንድ ባለባጃጅ አጠገቤ ቆሞ «አዝማሪ ጭነሃል እንዴ?» አለኝ። ተናደድኩ እንጂ ልጁ ልክ ነበር። ማሲንቆ የሚጮኸው ደጋኑ ጭራውን ያዝ ለቀቅ እያደረገ ስለሚያንቀጠቅጠው ነው። ሸራም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ያዝ ለቀቅ ሲያደርገው እንደዚያው ይንቀጠቀጣል፣ ዲስኩም አብሮ ይጮሃል። አዲስ ሸራ ገዛሁ። ጩኸቱ ያው። ሁለተኛው ሸራ ከመጀመሪያው ይወደድ ነበር፣ እሱ ነው የሚያናድደው።

በመጨረሻ አንድ የድሮ መካኒክ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ጎማውን ፈታ፣ ሸራውን አወጣና ፊቱን እንኳ ሳያይ ጀርባውን ገልብጦ «ላሜራው የታል?» አለኝ። የምን ላሜራ? ከሸራው ጀርባና ሸራውን ከሚገፋው ፒስተን መሀል የሚገባ ስስ ላሜራ አለ፣ ንዝረቱን የሚያፍነው እሱ ነው። መጀመሪያ የቀየረልኝ ልጅ ከአሮጌው ሸራ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ጥሎታል። ቀጥሎ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ብረት) የሚንሸራተትበትን ፒን ከላስቲኩ መዘዘው። ደረቅ፣ ቡናማ፣ ዝገት የያዘ። ጠራርጎ ለፍሬን የተሠራውን ሙቀት የሚችል ግራሶ በስሱ ቀባና መልሶ ከተተው። «በጣትህ ግፋው» አለኝ። ሸርተት ብሎ ገባ። እንዲህ በጣት ካልሄደ ካሊፐሩ በአንድ ጎን ብቻ እየጫነ አንዱን ሸራ ይበላል፣ ይጮሃልም።

(በነገራችን ላይ ፍሬን፣ ላሜራ፣ ግራሶ፣ ቸርኬ… ጣሊያን ፒያሳ ላይ ከሠራው ሕንፃ ጋር የጋራዡንም ቋንቋ ትቶልን ነው የሄደው።)

እና አንተ መጀመሪያ መቼ እንደሚጮህ ልብ በል። ክረምት ላይ ዝናብ ሲመታት ያደረች መኪና ጠዋት መጀመሪያ ስትይዝ ትጮሃለች፣ ዲስኩ ላይ ያደረው ስስ ዝገት ነው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ስትይዝ ይጠፋል፣ ተወው። ፍሬን ሳትይዝም ሽርርር የሚል ከሆነ ከዲስኩ ጀርባ ያለውን ስስ ቆርቆሮ እይ፤ ሲሠሩ ታጥፎ ዲስኩን ይነካል፣ ወይ ጠጠር ገብቶበታል። በእጅ መለስ ማድረግ ነው። አንዳንድ ሸራ ደግሞ ሲያልቅ እንዲጮህ ተብሎ የተሠራች ትንሽ የብረት ምላስ አለችው። ቦታው ተለዋውጦ ከተገጠመ ወይ ምላሷ ከታጠፈች ገና በአዲስነቱ ዲስኩን ትነካለች። ስትይዝ አንዴ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ የሸራው መያዣ ክሊፖች ላልተዋል ወይ የሉም። ብረት በብረት ሲፋጭ ከሰማህ ግን፣ ወይም ፔዳሉ ወደ ታች ከሰመጠብህ፣ መኪናዋን አቁም፤ በዚያ ላይ እንዳትነዳ።

ሌላ ቀላል ፈተና። አሥር ደቂቃ ያህል ፍሬን ብዙም ሳትይዝ ንዳና ቁም። መዳፍህን ወደ ሁለቱም የፊት ቸርኬዎች አስጠጋ፣ አትንካ፣ ያቃጥልሃል። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ የዚያ ጎን ፍሬን አይለቅም ማለት ነው፣ ፒኑ ወይ ፒስተኑ ተጣብቋል።

ጎማው ሲፈታ ዲስኩን ዳር ዳሩን በጥፍርህ ዳብሰው። የድሮው ሸራ በልቶት ጠርዙ ላይ ከንፈር አብቅሎ ከሆነ አዲሱ ሸራ እዚያ ላይ ይወጣና ይጮሃል። ቶርኖ ቤት ይስተካከላል፣ ግን ዲስኩ ላይ የተጻፈው ትንሹ ውፍረት አለ፣ ከዚያ በታች ከወረደ መቀየር ብቻ ነው።

የሸራው ፊት እንደ መስታወት ካብለጨለጨ በሙቀት ተቃጥሏል። ይሄንንም በራሴ ነው ያየሁት፤ አዲስ ሸራ በገጠምኩ በሦስተኛው ቀን ደባርቅን አልፌ የሊማሊሞን ቁልቁለት ፍሬን ላይ ተኝቼ ወረድኩ። በከባድ ማርሽ መውረድ ሲገባኝ። እንዲህ ያለውን በብርጭቆ ወረቀት ፊቱን ሻከር ማድረግ ይቻላል፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ። አቧራውን በኮምፕረሰር አታስነፋ፣ ለሳንባ አይሆንም።

ጋራዥ ስትሄድ እዚያው ቁምና እይ። ሸራውንና ዲስኩን በናፍጣ ወይ በነጭ ጋዝ ሊያጥቡልህ ከሞከሩ አስቁማቸው፣ ቅባት ይተዋል። ተራ ግራሶም ፒኑ ላይ እንዳይቀቡ፣ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። የሸራው ፊት ላይ ግራሶ ካረፈ ሸራው አለቀለት።

ሁሉም ተስተካክሎ ሲገጠም ሸራና ዲስኩን ማስተዋወቅ አለብህ። በማለዳ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ከአዘዞ ወጣ በልና ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 15 ገደማ አውርደው፣ ጠበቅ አድርገህ ግን ሳትቆም። መሀል መሀሉ ላይ ትንሽ እየነዳህ ወደ 10 ጊዜ ያህል ድገመው። ከዚያ ፍሬን ሳትነካ ጥቂት ኪሎ ሜትር ንዳ፣ ይቀዝቅዝ። ገና እንደጋለ ፔዳሉን ረግጠህ አትቁም። ጋራዡ «ይለምዳል» ያለህ ይሄንን ይሆናል፣ ግን ላሜራ የሌለው ሸራ በዚህ አይለምድም።

ጋራዥ ስትገባ ከሁሉ በፊት ያ ላሜራ መኖሩን አረጋግጥ። ሲፈታ የውስጠኛውን ሸራ ጀርባና ፊት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ አየዋለሁ።