ቀለሙ በሁለተኛው ቀን ለሚላጥባት እህታችን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ቅዳሜ ማታ የተቀባሽው የጥፍር ቀለም ሰኞ ጠዋት ከጫፉ ይላጣል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ወፍሮ ይሳባል፤ አሴቶን (ቀለም ማስለቀቂያውን) ጨምሪበት ተብለሻል። ጥፍርሽም ቢጫ ሆኗል። ብዙዎች «ርካሽ ቀለም ስለገዛሽ ነው» ብለው መልሰውልሻል። እኔ በዚህ አልስማማም። ልጅ ከመውለዴ በፊት የውበት ሳሎን ውስጥ ለዓመታት ጥፍር ሠርቻለሁ። አሁንም የራሴንና የእህቶቼን ቤት ውስጥ የምሠራው እኔ ነኝ። ውዱም ቀለም ቢሆን ውሃ የጠጣ ጥፍር ላይ ከተቀባ ይላጣል።

ዋናው ነገር እሱ ነው፤ ውሃ። ጥፍር ደረቅ ይመስላል እንጂ ውሃ ይጠጣል። ልብስ ስታጥቢ ወይም ገላሽን ስትታጠቢ ትንሽ ያብጣል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይሰበሰባል። የደረቀው ቀለም ግን እኩል አብሮት አይሄድም። ስለዚህ ይሰነጠቅና ከጫፍ መነሳት ይጀምራል። ብዙ ሴቶች ደግሞ የሚቀቡት ልክ ገላቸውን ታጥበው፣ እጃቸው ንጹሕ ሲሆን ነው። ያ ሰዓት ለቀለም መጥፎ ነው። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፈው። ሳሎን ውስጥ እጅ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ የሚዘፈዘፈው ቆዳውን ለማለስለስ ነው፤ ቤት ስትሠሪ እሱን ብትዘይው ይሻልሻል።

ቀጥሎ ቅባት። ጸጉርሽን ቅቤ ወይም ቅባት የተቀባሽ ቀን፣ ቫዝሊን የነካሽ ቀን፣ ጥፍርሽ ላይ የማይታይ ቅባት ይቀራል። ቀለሙ ደግሞ ቅባት ላይ አይዝም። በሳሙና መታጠብ ብቻ አይበቃም። ጥጥ በአሴቶን ወይም በአልኮል ነክረሽ እያንዳንዱን ጥፍር ጥረጊ፤ ከዚያ በኋላ ፊትሽንም ጸጉርሽንም አትንኪ። ይህን ብቻ ብታስተካክዪ ለውጡን ታዪዋለሽ።

ቀኝ እጅሽ ቀድሞ እንደሚላጥ ልብ ብለሻል? እንበላበታለን፣ ከምግብ በፊትና በኋላ እንታጠበዋለን፣ ሊጥ እናቦካበታለን። በዚያ ላይ የምንቀባው በግራ እጅ ስለሆነ ቀለሙ እኩል አይዳረስም። ስለዚህ ሳይደክምሽ በቀኙ ጀምሪ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቶፕ ኮት (ከቀለሙ በላይ የሚቀባውን መሸፈኛ) ብቻ በስሱ ድገሚው። ስታጥቢና በረኪና ስትነኪ ጓንት አድርጊ። ስታቦኪም እንዲሁ፤ የተላጠ ቀለም ሊጥ ውስጥ ሲገባ ደስ አይልም። ነጭና ፈዛዛ ቀለም የምትወዱ ደግሞ እርድን ተጠንቀቁ፤ አልጫ በእጅ ከተበላ በኋላ ቢጫው በቀላሉ አይለቅም።

አቀባቡ ላይ ብዙ አልልም። ቤዝ ኮት (ከቀለሙ በፊት ጥፍሩ ላይ የሚቀባው)፣ ሁለት ጊዜ በጣም ስስ ቀለም፣ ከዚያ ቶፕ ኮት። በየመሃሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቂ። አንድ ጊዜ በወፍራሙ የተቀባ ቀለም ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ብሩሹን በጥፍሩ ጫፍ ጠርዝ ላይም አሳልፊው፤ መላጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቆዳሽ ላይ የፈሰሰውን ሳይደርቅ በስቲኪኒ አንሺው። ብልቃጡን አትነቅንቂ፣ አረፋ ያመጣል፤ በመዳፍሽ መሃል አንከባሊው። ላዩ በ15 ደቂቃ ቢደርቅም ውስጡ እስኪጠነክር ሰዓታት ይፈጃል። ተቀብቶ ወዲያው መተኛት የአንሶላ ምልክት የሚያወጣው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ወፈረው ብልቃጥሽ። ቀለሙ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ውስጡ ባሉት በቶሎ በሚተኑ ማሟሚያዎች ነው፤ ብልቃጡ በተከፈተ ቁጥር እነሱ ይተናሉ። አሴቶን ብትጨምሪ ለጊዜው ይቀጥንልሻል፤ ግን ድብልቁን ያበላሸዋል፣ ሲደርቅ ይፈዛል፣ ቶሎም ይላጣል። ለጥፍር ቀለም ተብሎ የሚሸጥ ማቅጠኛ አለ። ሁለት ሦስት ጠብታ ጨምረሽ አንከባሊው። ለበርና ለመስኮት ቀለም የሚሆነውን ቲነር ግን በፍጹም! ማቅጠኛውን ካጣሽ ብልቃጡን ጣዪው። ለሚቀጥለው ግን አንድ ልማድ ያዢ። ከመክደንሽ በፊት የብልቃጡን አፍ አሴቶን በነካ ጥጥ ጥረጊ። አፉ ላይ የደረቀ ቀለም ክዳኑ በደንብ እንዳይገጥም ያደርጋል፤ አየር የሚገባውም በዚያ ነው። አቁመሽ፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጪው።

ይህን ግን ሁላችሁም ስሙኝ። ቡና እየተፈላ ጥፍር አትቀቡ፣ አሴቶንም አትክፈቱ። ሁለቱም በእሳት ይያያዛሉ። የአሴቶን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ወለል ይወርድና ይሄዳል። የከሰል ምድጃው ያለው ደግሞ ወለሉ ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ በሻማም አይሆንም። መስኮት ክፈቱ፣ ልጆችን አርቁ።

ቢጫው ብዙ ጊዜ ከቀይና ከጥቁር ቀለም የሚቀር እድፍ ነው፤ ቤዝ ኮት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በሞረድ አትፋቂው፣ ጥፍሩን ታሳሺዋለሽ። የእጅ ጥፍር በወር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ሙሉ በሙሉ ለመተካት 6 ወር ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ትዕግሥት ነው። ግን ጥፍሩ ከወፈረ፣ ከተፈረፈረ ወይም ከሥሩ ከተነሳ እድፍ ላይሆን ይችላል። የቆዳ ሐኪም ይየው፤ እስከዚያም ቀለም አትደርቢበት። ስታስለቅቂ ደግሞ አትፈትጊ። የራሰውን ጥጥ ጥፍሩ ላይ ትንሽ ጫን አድርገሽ ያዢና ወደ ጫፉ ሳቢው። ከዚያ ታጠቢና ዘይት ወይም ቫዝሊን ቀቢው፣ አሴቶን ያደርቃል።

አንዷ እህት «ጄል ተሠሪና ተገላገዪ» ብላሻለች። ጄል፣ በልዩ መብራት የሚደርቀው የጥፍር ቀለም፣ ይቆያል፤ እውነት ነው። ግን ጫፉ ሲነሳ በእጅ ልላጠው ካልሽ የጥፍርሽን ንጣፍ ይዞ ይነሳል። ቤት ውስጥ ስትሠሪው ደግሞ ያልደረቀው ጄል ቆዳ ከነካ አለርጂ ሊያስይዝ ይችላል። እጅሽ ከውሃ የማይወጣ ከሆነ እኔ ይልቅ ጥፍርሽን አሳጥረሽ እንሶስላ ብትሞቂ እመርጣለሁ። ጥፍሩን ራሱን ስለሚያቀላው የሚላጥ ነገር የለውም። ሂናም እንደዚያው ነው። የጸጉር ቀለም የተቀላቀለበትን ጥቁር ሂና ግን አትንኪው፤ ቆዳን አቁስሎ ውሃ ያስቋጥራል።